የወረዳ ሹም በችግር ጊዜ ያለው ሥልጣን

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ/ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጀ። በዚያው ዕለት የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪው የጦር መሣሪያውን በ2 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ፣ በየሰፈሩም ተደራጅቶ አካባቢውን እንዲጠብቅ አሳሰበ። ከእንጦጦ ግርጌ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮንም ሆነ በኮተቤ ለሚኖረው የየካ ሰው ግን ዐዋጅ የሚደርሰው በሚኒስትር እጅ አይደለም፤ በሩን በሚያንኳኳው የወረዳ ሹም እጅ ነው። እንግዲህ ይህ ሹም በችግር ጊዜ የሚይዘው ሥልጣን ከወዴት ይመጣል? ወሰኑስ የት ነው?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 መልስ ሰጥቶአል። የውጭ ወረራ ወይም በተለመደው ሕግ ማስከበር ሊገታ የማይችል አደጋ በሕገ መንግሥቱ ሥርዓት ላይ ሲደርስ፣ እንዲሁም የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ፣ የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ክልሎችም ለተፈጥሮ አደጋና ለወረርሽኝ ሊያውጁ ይችላሉ። አዲስ አበባ ግን ክልል አይደለችም፤ በአንቀጽ 49 መሠረት ራስዋን በራስዋ ብታስተዳድርም ተጠሪነትዋ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። ስለዚህ የክፍለ ከተማም ሆነ የወረዳ ሹም የታወጀውን ያስፈጽማል እንጂ ከራሱ ምንም አያውጅም።

ታዲያ ችግር ሲመጣ ሹሙ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለታችን ነውን? አይደለም። ቀበና ወንዝ በክረምት ከእንጦጦ ሞልቶ ሲወርድ፣ ወይም ባሕር ዛፉ እሳት ሲይዝ፣ ሰው መቀስቀስ፣ አረጋውያንን ማውጣት፣ መጠለያ መፈለግ የዘወትር ግዴታው ነው፤ ለዚህ ልዩ ዐዋጅ አያስፈልገውም። ልዩ ዐዋጅ የሚያስፈልገው የሰውን መብት ለመገደብ ሲፈለግ ነው። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ/ም ስለ ኮሮና በታወጀው ዐዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለው በዚህ መንገድ ነበር።

ሥልጣን ለሕዝብ ሲቀርብ ሁልጊዜ ለሕዝብ ይበጃል የሚሉ ወንድሞች አሉ። ታሪካችን ግን ሌላ ይላል። ቀበሌ በ1967 ዓ/ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ተቋቋመ፤ በ1969 ዓ/ም ሥልጣኑ ሰፋ፤ የፍርድ ሸንጎና የጥበቃ ጓድም ነበረው። በቀይ ሽብር ጊዜ ጎረቤት የጎረቤቱ አሳሪና ፈራጅ ሆነ። ካለቁትም ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ቀበሌው ከቤታችን 100 እርምጃ ቢርቅም ባይርቅም፣ የሚቈጣጠረው ስላልነበረ ጥፋቱን የሚያቆም አልተገኘም።

የዛሬው ሕግ ቍጥጥሩን በጽሑፍ አስቀምጦታል። ዐዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ካልሆነም በ15 ቀን ውስጥ፣ ለሕዝብ ተወካዮች ይቀርባል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጸደቀ እስከ 6 ወር ይጸናል፤ ከዚያም በየ4 ወሩ ሊታደስ ይችላል። 7 አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም የታሰሩትን ሰዎች ስም ከነምክንያቱ በ1 ወር ውስጥ ይፋ ያደርጋል። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18ና ስለ እኩልነት የሚናገረው አንቀጽ 25 በዐዋጅ ጊዜ እንኳ አይነኩም።

ይህ የወረቀት ነገር ብቻ አይደለም። በ2014ቱ ዐዋጅ፣ ገና ሳምንት ሳይሞላው፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአዲስ አበባ የሚካሄደው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል፣ ከታሰሩትም መካከል እናቶችና አረጋውያን እንዳሉ አስታወቀ። አንቀጽ 25 የተጻፈው ለእንደዚህ ያለው ቀን ነበር። ዐዋጁም 6 ወሩ ሳይሞላ የካቲት 8 ቀን ተነሣ።

አባቶቻችን በመንገድ ላይ ጠብ ሲነሣ «በሕግ አምላክ» ሲባሉ ይቆሙ ነበር። እኛ የተማርን የምንባል ደግሞ ሹሙ በራችንን ሲያንኳኳ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳንፈራ፣ ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ በየትኛው ዐዋጅ? እስከ መቼ? የታሳሪው ስምስ የት ተመዝግቦአል? ለራሳችን ብቻ ሳይሆን መጠየቅ ለማይችለው ጎረቤታችንም እንጠይቅ።