በካርቲየ 2 የንግድ ሬዲዮ ለመክፈት ካሰቡ

ጂቡቲ ከተማ ካርቲየ 2 ውስጥ የራስዎን ኤፍኤም ጣቢያ ለመክፈት አስበው ከሆነ፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ጂቡቲ ውስጥ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር የግል ሬዲዮ እስካሁን የለም። አየሩን የያዘው አርቴዴ የሚባለው የመንግሥት ጣቢያ ነው። በፈረንሳይኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በዐረብኛ ያሰራጫል።

ሕጉ ይከለክላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የመገናኛ ነፃነት ሕግ አለ። መገናኛ ብዙኃን የሚያቋቁመው ሰው ላይ ግን የዕድሜና የዜግነት ገደብ ይጥላል። ስለዚህ የውጭ ዜጋ ከሆኑ ከገንዘቡ በፊት ጣቢያው በማን ስም እንደሚቋቋም ይጠይቁ። በሌላ ሰው ስም ተከልሎ መግባቱን አልመክርም። ቢጣሉ ፈቃዱም ዕቃውም የስሙ ባለቤት ንብረት ሆኖ ይቀራል።

ፈቃድ ለምን ያስፈልጋል? ኤፍኤም የሚሠራው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ላይ ነው። ሞገድ ማለት ድምፁ በአየር የሚሄድበት መስመር ነው፤ በሬዲዮዎ ላይ የሚያዩት ቁጥር የእሱ መለያ ነው። ተቀራራቢ ቦታ ላይ ሁለት ጣቢያ አንድ ቁጥር ቢይዙ የሁለቱም ድምፅ ይበላሻል። ስለዚህ ሞገድ የሚያከፋፍለው መንግሥት ነው። ጎረቤት አገሮችም እንዳይጋጩ እ.ኤ.አ. በ1984 ጄኔቫ ላይ የተደረገ ስምምነት አለ።

ሕግ ወጣ ማለት ግን ሞገድ ተገኘ ማለት አይደለም። ይህን ከኢትዮጵያ እናውቀዋለን። የመጀመሪያው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያዎቹ የግል ኤፍኤም ጣቢያዎች አንዱ የሆነው ሸገር 102.1 ሥራ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከስምንት ዓመት በላይ አለፈ። ያን ሁሉ ጊዜ ስቱዲዮ ተከራይቶ የሚጠብቅ ሰው ይከስራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬ ማመልከቻ የሚቀበለው የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው፤ የሚሠራውም በአዋጅ 1238/2013 ነው። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ፣ ባለሙያና መሣሪያ መኖሩን፣ ምን ዓይነት ፕሮግራም እንደታሰበ ይመረምራል። የውጭ ዜጋ ድርሻ ከ25 በመቶ መብለጥ አይችልም። ጂቡቲ ሆነው አገር ቤት ጣቢያ ለማቋቋም የሚያስቡ ካሉ፣ ይህ ቁጥር የሽርክናውን ቅርጽ ይወስነዋል።

ወጪው የት ነው? ብዙ ሰው የፈቃድ ክፍያውን ይፈራል። ጣቢያ የሚገድለው ግን የወሩ ወጪ ነው። ማሰራጫው (ድምፁን ወደ አንቴና የሚልከው መሣሪያ) ሌሊትና ቀን ኤሌክትሪክ ይበላል። በጂቡቲ ሙቀት ደግሞ ያለ ማቀዝቀዣ አይቆይም። ማቀዝቀዣውም ሌላ የመብራት ሒሳብ ነው። መብራት ቢጠፋ የሚተካ ጄኔሬተርና ነዳጁ፣ የማማ ኪራይ፣ የጋዜጠኞች ደመወዝ ይጨመራሉ። ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣ በዶላር ይገዛል። እዚህ አንድ ጥሩ ነገር አለ፦ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ላይ የቆመ ነው። የ10,000 ዶላር ማሰራጫ በዚህ ምንዛሬ 1,777,210 ፍራንክ ነው፤ ለከርሞም ያው ነው። አዲስ አበባ ያለ ባለጣቢያ ይህ ዕድል የለውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ገቢውም ወሰን አለው። በኢትዮጵያ ሕግ ማስታወቂያ ከስርጭቱ 20 በመቶ እንዲበልጥ አይፈቀድም። በቀን 18 ሰዓት የሚያሰራጭ ጣቢያ ቢበዛ 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው የሚሸጠው። ያን ሁሉ የሚገዛ ማስታወቂያ አስነጋሪ ካላገኘ ደግሞ ገቢው ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ሒሳብዎን ደቂቃው ሁሉ ተሸጦ እንዳለቀ አድርገው አይሥሩ፤ ግማሹ ባይሸጥስ ብለው ይሥሩት።

ጣቢያ ሳይኖረኝ መጀመር እችላለሁ ወይ? አዲስ አበባ ላይ ብዙዎች የጀመሩት በተባባሪ አዘጋጅነት ነው። ተባባሪ አዘጋጅ ማለት ከነባር ጣቢያ የአየር ሰዓት ገዝቶ፣ ፕሮግራሙን ራሱ አዘጋጅቶ፣ ስፖንሰሩንም ራሱ የሚፈልግ ሰው ነው። ማሰራጫ፣ ማማና ሞገድ የጣቢያው ጉዳይ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ይዘው ስፖንሰር ይከፍላል አይከፍልም የሚለውን በትንሽ ገንዘብ ያዩታል። ውል ሲፈርሙ ስፖንሰሩ ቢዘገይ የአየር ሰዓቱን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ያስገቡ። አለበለዚያ ጣቢያው ገንዘቡን የሚጠይቀው እርስዎን ነው።