ማዱማቲ፦ ሁለት ዕድሜ የፈጀ ፍቅር

ሌሊት ነው፤ ዶፍ ይወርዳል። ዴቨንድራ የሚባል መሐንዲስ ሚስቱንና ልጁን ከባቡር ጣቢያ ሊቀበል ከባልደረባው ጋር በመኪና የተራራ መንገድ ሲወርድ ናዳ ይዘጋባቸዋል። ወደፊትም ወደኋላም ሲያቅታቸው በአቅራቢያው ባለ ያረጀ ትልቅ ቤት ይጠለላሉ። ዴቨንድራ እግሩ ደጃፉን እንዳለፈ ሁኔታው ይለወጣል። ረግጦት የማያውቀው ቤት ነው፤ ግን ያውቀዋል። በእንግዳ መቀበያው ክፍል የቀድሞውን የቤቱን ጌታ የሚያሳይ አንድ አሮጌ ሥዕል ያገኛል። ያን ሥዕል በገዛ እጁ እንደ ሣለው ይሰማዋል፤ የሣለው ግን በዚህኛው ሕይወቱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1958 ለሕዝብ የቀረበው የህንድኛ ፊልም «ማዱማቲ» እንዲህ ይጀምራል። ዳይሬክተሩ ቢማል ሮይ፣ መሪ ተዋንያኑ ዲሊፕ ኩማርና ቫይጃያንቲማላ ናቸው። በህንድ ሲኒማ ሞቶ እንደገና የተወለደ አፍቃሪ ዛሬ የተለመደ ነገር ነው። መንገዱን ከጠረጉት ፊልሞች ዋነኛው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከተከታዮቹ አንዱም አልደረሰበትም።

በሂንዱ እምነት ነፍስ አትሞትም፤ ሥጋ ትቀይራለች። ሰው በሕይወቱ የሠራው ሥራ፣ ካርማ የሚሉት፣ የሚቀጥለውን ልደቱን ይወስናል። በሠርግ ቀን ሙሽሮቹ በተቀደሰው እሳት ፊት ሰባት እርምጃ ይራመዳሉ፤ ሕዝቡም ባልና ሚስት ለሰባት ልደት የተሳሰሩ ናቸው ይላል። ሙታን አንድ ጊዜ ይነሣሉ ብሎ ላደገ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ሐሳቡ እንግዳ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በእምነቱም ቢሆን ነፍስ እንደገና ስትወለድ ያለፈውን ትረሳለች፤ የሚያስታውስ ከተገኘ ብርቅ ሰው ነው። ሲኒማው የያዘው ይህን ብርቅ ነገር ነው። ሰውየው እንደገና መወለዱ ብቻውን ታሪክ አይሆንም። ታሪኩ የሚጀምረው ያስታወሰ ዕለት ነው።

ዴቨንድራም ያስታውሳል። በቀደመው ሕይወቱ አናንድ ይባል ነበር፤ የራጃ ኡግራናራያንን የእንጨት ርስት ሊያስተዳድር ወደ ሺያምናጋር ተራሮች የመጣ ወጣት ነው። ሥራ ሲፈታ ሥዕል ይሥላል። ከጉም ውስጥ የሴት ልጅ ዘፈን ይሰማል፤ ዘፋኟን ሳያይ ድምጿን ይከተላል። ማዱማቲ የተራራው ሰዎች ልጅ ናት፤ ጫካውን እንደ ቤቷ ታውቀዋለች። ፍቅራቸው ሲጠና ባላባቱ አናንድን በሥራ ሰበብ ወደ ሩቅ ይልከዋል። ሲመለስ ማዱማቲ የለችም። ወደ ራጃው ቤት መወሰዷን ሰምቶ ሊጠይቅ ሲገባ የራጃው ሰዎች ደብድበው ሊገድሉት ይደርሳሉ። አባቷም ሲታገሉ ይሞታሉ። አናንድ ከሞት ቢተርፍም አእምሮው ይናወጣል።

እስከዚህ ድረስ ያየነው ጉልበተኛና ምስኪን የሚገናኙበት የታወቀ ታሪክ ነው። ልጅቱ ደመ ከልብ ሆና ቀርታለች፤ ሬሳ የለ፣ ምስክር የለ፣ ጠያቂ የለ። የፊልሙ ትልቅነት የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ዳግም ውልደትንና የሙት መንፈስን የሚጠራቸው ፍቅረኞቹን ለማገናኘት ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሊጠይቅ የሚችል ሰው ስለጠፋ ሟቿ ራሷ መጥታ ትጠይቅ ዘንድ ነው።

ይህን ለመረዳት ፊልሙን የሠሩትን ሰዎች ማወቅ ይጠቅማል። ቢማል ሮይ በ1909 በዳካ አካባቢ ከባለርስት ቤተሰብ የተወለደ ቤንጋሊ ነው። በ1953 የሠራው «ዶ ቢጋ ዛሚን» መሬቱን ከባላባት ለማዳን ካልካታ ወርዶ ሪክሾ የሚጎትት ገበሬን ያሳያል። የ«ማዱማቲ»ን ታሪክ የጻፈው ሪትዊክ ጋታክ ነው፤ በህንድ መከፈል አገሩን ያጣ፣ በኋላ በራሱ ፊልሞች የስደተኞችን ሕይወት የተረከ ቤንጋሊ ዳይሬክተር። ሙዚቃውን ሳሊል ቾውዱሪ፣ የዘፈን ግጥሞቹን ሻይሌንድራ፣ ንግግሩን የኡርዱው ደራሲ ራጂንደር ሲንግ ቤዲ ሠሩት። ጋታክም ሳሊልም የግራ ክንፍ የሕዝብ ቴአትር ማኅበር ልጆች ነበሩ፤ ባላባትን በመድረክ ሲከሱ የኖሩ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ተሰብስበው የመንፈስ ታሪክ መሥራታቸው ያስገርማል። ውስጡ ሲታይ ግን የሚናገሩት ያንኑ የቀድሞ ነገራቸውን ነው፤ ጫካው የማን ነው፣ የተራራው ልጅ ስትጠፋ ማን ይጠየቃል?

ቀጥሎ የፊልሙን መጨረሻ እናገራለሁ፤ ሳያውቅ ማየት የሚፈልግ ይህን ክፍል ይለፈው። አናንድ ማዱማቲን የምትመስል ማዳቪ የምትባል ሴት ያገኛል። የማዱማቲ መንፈስ ገዳይዋ ራጃው እንደሆነ ነግራዋለች፤ ስለዚህ ማዳቪን ይለምናታል፦ ማዱማቲን መስላ በራጃው ፊት ትቁምና በድንጋጤ ይናዘዝ። እሺ ትላለች። አናንድ የራጃውን መልክ ለመሣል አስፈቅዶ በምሽት ይቀመጣል። ፖሊሶች ከክፍሉ ውጭ ያደባሉ። ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ምሽት ሲደውል ሴትየዋ ትገባለች። ራጃው ይርበደበዳል፤ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ስታከታትልበት ያምናል፤ ይያዛል። ሁሉም ካበቃ በኋላ አናንድ አንድ ነገር ይከነክነዋል። ሴትየዋ ማዱማቲ የት እንደተቀበረች የጠየቀችው ከምን ተነሥታ ነው? ማዳቪ ልታውቅ የማትችለውን ነገር ነው የጠየቀችው። እሷ ፈገግ ብላ ወደ ደረጃው ታመራለች። ወዲያው እውነተኛዋ ማዳቪ ማዱማቲን መስላ እየሮጠች ትገባለች፤ መኪናዋ መንገድ ላይ ተበላሽቶባት ዘግይታለች። በራጃው ፊት የቆመችው ሟቿ ራሷ ነበረች። አናንድ ተከትሏት ሰገነት ላይ ይወጣል፤ እሷ በሕይወት ሳለች ከራጃው ስታመልጥ ከወደቀችበት ቦታ እሱም ወድቆ ይሞታል።

ይህ ትዕይንት ከየት እንደመጣ ሳስብ «ማሃል» ትዝ ይለኛል። ካማል አምሮሂ በ1949 ያዘጋጀው፣ አሾክ ኩማርና ማዱባላ የተጫወቱበት ፊልም ነው። እዚያም ያረጀ ቤት አለ፤ ሰውየው ራሱን የሚመስል የቀድሞ ባለቤት ሥዕል ያገኛል፤ ሌሊት ሌሊት የምትዘፍን መንፈስ አለች። በመጨረሻ ግን መንፈስ የተባለችው የአትክልተኛው ልጅ ሆና ትገኛለች። የ«ማሃል» ኤዲተር ማን ነበር? ቢማል ሮይ። ከ9 ዓመት በኋላ ነገሩን ገለበጠው፤ በ«ማሃል» መንፈስ ያልናት ሰው ነበረች፣ በ«ማዱማቲ» ሰው ያልናት መንፈስ ሆነች። የዚህን ያህል የተጠና መልስ አንድ ፊልም ለሌላ ፊልም ሲሰጥ ብዙ አላየሁም።

ጉሙም የራሱ ታሪክ አለው። የውጭ ትዕይንቶቹ የተቀረጹት በሰሜን ህንድ፣ በናይኒታል አካባቢ ተራሮች ነበር። ቡድኑ ቦምቤይ ተመልሶ ፊልሙ ሲታጠብ ብዙው ነጋቲቭ ተበላሽቶ ተገኘ። ወደ ተራራው ሁሉንም ይዞ መመለስ ከባድ ስለነበረ ወደ ቦምቤይ በሚቀርበው በኢጋትፑሪ ሰው ሠራሽ ጥድ ተተክሎ፣ ሰው ሠራሽ ጉም ተነዝቶ እንደገና ተቀረጸ። ካሜራማኑ ዲሊፕ ጉፕታና የመድረክ ንድፍ ባለሙያው ሱዴንዱ ሮይ ሁለቱን ስፍራዎች እንዴት አድርገው እንዳዋሐዷቸው የሚያውቀው ያየ ነው፤ የትኛው ጥድ የበቀለ፣ የትኛው የተተከለ እንደሆነ መለየት ይቸግራል።

ቫይጃያንቲማላ ማዱማቲንም፣ ማዳቪንም፣ የዴቨንድራን ሚስት ራዳንም ትጫወታለች። ባራታናቲያም የተባለው የህንድ ክላሲካዊ ጭፈራ ዳንሰኛ ናትና ሦስቱን የምትለያቸው በአረማመድ ነው። የተራራዋ ልጅ ቀልጠፍ ብላ ትዘላለች፤ ከተሜዋ ማዳቪ ገላዋን ሰብስባ ትራመዳለች። ለዚህ ሥራዋ የህንድ ፊልም ሽልማት ሰጪው ፊልምፌር ለሽልማት ቢያጫትም ያን ዓመት የሸለማት «ሳድና» በተባለ ሌላ ፊልም ነው። እኔ ብሆን በ«ማዱማቲ» እሸልማት ነበር። ፊልሙ ግን 9 የፊልምፌር ሽልማቶችን ሰብስቧል፤ ይህን ቁጥር በ1995 የወጣው «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» በ10 እስኪያልፈው ድረስ የደረሰበት አልነበረም። ከ9ኙ አንዱ የላታ ማንጌሽካር ነው። አናንድን በጉም ውስጥ የሚጠራው «አጃ ሬ ፓርዴሲ» ፊልምፌር ለመጋረጃ ጀርባ ድምፃዊ የሰጠውን የመጀመሪያ ሽልማት አስገኝቶላታል። የዜማዎቹ ደራሲ ሳሊል ያደገው አባቱ ሐኪም ሆነው በሚሠሩበት በአሳም የሻይ እርሻዎች ነው፤ የሠራተኞቹን ዘፈንና የምዕራቡን ክላሲክ እኩል እየሰማ። ስለዚህ በአንድ ፊልም ውስጥ የተራራ ጭፈራና ከፖላንድ የሕዝብ ዘፈን የተወሰደ ዜማ ጎን ለጎን ይሄዱለታል።

ጉድለትም አለበት። የቀልደኛው ተዋናይ የጆኒ ዎከር ቀልድ በመካከሉ ይረዝማል፤ እሱ የሚጫወተው ሰካራሙ ቻራንዳስ ደግነቱ ቢወደድም ታሪኩ ሊጣደፍ ሲል ያቆመዋል። የተራራው ሰዎችም ከማዱማቲና ከአባቷ በስተቀር ልብስና ጭፈራ ብቻ ሆነው ቀርተዋል፤ ስለ እነሱ የተቆረቆረ ፊልም ጥቂት ቢያናግራቸው ምንኛ በተሻለ።

የህንድ ፊልም በአገራችን ብዙ ወዳጅ አለውና የ«ማዱማቲ»ን ልጆች አንባቢ ሳያውቃቸው አይቀርም። በ1980 የሱባሽ ጋይ «ካርዝ» የተገደለውን ሰው ዘፋኝ አድርጎ መለሰው፤ ያለፈ ሕይወቱን የምታስታውሰው የጊታር ዜማ ናት። በ1995 የራኬሽ ሮሻን «ካራን አርጁን» ሁለት የተገደሉ ወንድማማቾችን በእናታቸው ጸሎት መለሰ፤ ሻሩክ ካንና ሳልማን ካን ናቸው የሚጫወቱት። በእነዚህ ውስጥ ዳግም ውልደት ለጡንቻ በቀል ነው፤ ሰውየው የሚመለሰው ሊመታ ነው። በ2007 የወጣው የፋራ ካን «ኦም ሻንቲ ኦም» ግን በግልጽ ወደ ቢማል ሮይ ተመለሰ። ገዳዩን ለማስደንገጥ ሟቿን የምትመስል ሴት ተዘጋጅታለች፤ በመጨረሻዋ ሰዓት በፊቱ የቆመችው እሷ አለመሆኗ ይታወቃል። ያን ትዕይንት አይቶ የተገረመ ሰው «ማዱማቲ»ን ይፈልግ፤ የራጃው ቤት ሰዓት የሚደውልበትንም ክፍል አጥብቆ ይይ፤ ቫይጃያንቲማላ ገና ስትገባ ጀምሮ በዓይኗ ሁሉን እየነገረችን ነው።