ቅጹና መዝገቡ፤ ስለ ዳይናሚክ ድረ ገጽ አሠራር

የትምህርት ዘመን ሲፈጸም ለእያንዳንዱ ተማሪ የውጤት ካርድ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ለያንዳንዱ ተማሪ የተለየ ካርድ አያሳትምም። የሚታተመው ቅጽ አንድ ዐይነት ነው፤ ስም፥ ክፍልና ማርክ የሚጻፍባቸው ስፍራዎች ባዶ ይተዋሉ፤ ከዚያም መምህሩ ሮስተሩን እያየ ይሞላቸዋል። እንግዲህ ሁለት ነገሮች ተለያይተው ይኖራሉ፤ አንደኛው ቅጹ ነው፥ ሁለተኛውም መዝገቡ ነው። ዳይናሚክ የሚባለው የድረ ገጽ አሠራር በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ቅጹ ገጹ ነው፤ ሮስተሩ የመረጃ ቋቱ ነው፤ እያየ የሚሞላውም ኮምፒዩተሩ ነው።

ውድ አንባብያን፥ ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሴርን የምርምር ተቋም ሲሠራ ሳለ፥ የዎርልድ ዋይድ ዌብን ሐሳብ ያቀረበው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው ድረ ገጽ ሰው በእጁ የጻፈው ፋይል ነበር። አንድ ቃል ለመለወጥ የፈለገ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ያርማል፤ ቃሉ በመቶ ገጾች ላይ የተጻፈ እንደ ሆነም መቶ ጊዜ ያርማል። እንዲህ ያለው ገጽ ስታቲክ ይባላል። ዛሬም ቢሆን ከጥቅም ውጭ አልሆነም፤ ለምሳሌ የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ በየቀኑ የሚለዋወጥ ነገር ስላልሆነ በስታቲክ ገጽ ቢጻፍ ይበቃዋል።

ከዌብ በፊት፥ በ1970፥ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃ በሠንጠረዥ የሚቀመጥበትን፥ አንዱም ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚዛመድበትን ሥርዐት በጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ይህ የሠንጠረዥ ሥርዐት ከድረ ገጽ ጋር በሰፊው የተጋጠመው በ1990ዎቹ ዓመታት ነው። ራስሙስ ሌርዶርፍ በ1995 ፒ ኤች ፒ የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ አወጣ፤ በ2003 ዎርድፕሬስ ተከተለ፤ በ2006 ደግሞ በእስራኤል አገር ዊክስ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። እነዚህ ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ዛሬ ዊክስና እርሱን የመሳሰሉት የድረ ገጽ መሥሪያዎች፥ ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ሰው እንኳ ገጹን ከሠንጠረዥ ጋር እንዲያገናኝ ያስችሉታል።

አሠራሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 3000 መጻሕፍት ያሉት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ሊሠራለት ታሰበ እንበል። ለያንዳንዱ መጽሐፍ አንዳንድ ገጽ በእጅ ቢጻፍ 3000 ገጽ መጻፍ ያስፈልጋል። በዳይናሚክ አሠራር ግን የሚሠራው ሠንጠረዡና ሁለት ገጽ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሠንጠረዡ ይዘጋጃል፤ ይህን ዊክስ ኮሌክሽን ይለዋል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ መጽሐፍ ነው። ዐምዶቹም የመዝገብ ቍጥር፥ ርእስ፥ ደራሲ፥ የታተመበት ዓመት፥ የሽፋን ሥዕልና መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ መኖሩን የሚያመለክት ዐምድ ናቸው። ለያንዳንዱ ዐምድ ዐይነቱ ይወሰንለታል፤ ርእሱ ጽሑፍ፥ ዓመቱ ቍጥር፥ ሽፋኑ ሥዕል ነው፤ የመጨረሻው ዐምድ አዎን ወይም አይደለም ብቻ የሚቀበል ነው።

ቀጥሎ የዝርዝሩ ገጽ ይሠራል። በዚህ ገጽ ላይ ሠሪው የሚነድፈው አንድ ሣጥን ብቻ ነው፤ ከላይ ሽፋኑ፥ ከሥሩ ርእሱ፥ ከርእሱም በታች ደራሲው። ሪፒተር የሚባለው መሣሪያ ይህን አንድ ሣጥን ወስዶ ለየረድፉ ይደግመዋል። ሦስተኛው ሥራ የአንዱ መጽሐፍ ገጽ ነው። ይህም አንድ ቅጽ ሆኖ ሳለ፥ ጐብኚው የነካውን መጽሐፍ ከሠንጠረዡ አንብቦ ያሳያል፤ ለየመጽሐፉም የራሱ አድራሻ ይኖረዋል። አድራሻው በርእሱ ብቻ ቢሠራ ግን ተመሳሳይ ርእስ ያላቸው ሁለት መጻሕፍት ይጋጫሉና፥ የማይደገመውን የመዝገብ ቍጥር መጨመር ይሻላል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም እንዲህ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አንድ መጽሐፍ ሲያውስ በሠንጠረዡ ላይ ያለችውን አንዲት ምልክት ይለውጣል። ወዲያው በዝርዝሩም፥ በመጽሐፉም ገጽ፥ በመደርደሪያ ላይ ያሉትን ብቻ አሳየኝ ብሎ ለሚፈልግም ሰው ነገሩ አብሮ ይለወጣል። እውነቱ የተጻፈው በአንድ ስፍራ ስለሆነ፥ አንዱ ገጽ አለ ሲል ሌላው የለም ሊል አይችልም።

ሠንጠረዦችም እርስ በርሳቸው ሊያያዙ ይችላሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፥ «ወንጀለኛው ዳኛ»ንና «የልምዣት»ን ጽፈዋል። የደራሲው ስምና የሕይወት ታሪክ በሦስቱም ረድፎች ላይ ቢደጋገም፥ አንዱ ታርሞ ሁለቱ ሳይታረሙ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ደራስያን የራሳቸው ሠንጠረዥ ይኖራቸዋል፤ የመጽሐፉ ረድፍ ወደዚያ የሚያመለክት ማያያዣ ብቻ ይይዛል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከተመለከትን በኋላ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ የተጻፈለትን ያነባል እንጂ የታሰበውን አያውቅም። አንድ ጊዜ በመዝገቡ የገባው ስሕተት ገጹ በተከፈተበት ሁሉ ይታያል። በተለይም በአማርኛ መዝገብ የሚይዝ ሰው የሚያጋጥሙትን ሁለት ችግሮች ላመልክት።

የመጀመሪያው የፊደል ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ነው፤ በዚያም ሀ፥ ሐና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቍጥር አላቸው። በአማርኛ ስናነባቸው ድምፃቸው አንድ ይሁን እንጂ፥ ለኮምፒዩተሩ እንደ በና እንደ ተ የተለያዩ ናቸው። ከዚህ የተነሣ በመዝገብ «ሐዲስ» ተብሎ የተጻፈውን ስም «ሀዲስ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ የለም ብሎ ይሄዳል። መድኃኒቱ በገጹ ላይ የማይታይ አንድ የመፈለጊያ ዐምድ መጨመር ነው። በዚህ ዐምድ ሐና ኀ ወደ ሀ፥ ሠ ወደ ሰ፥ ዐ ወደ አ፥ ፀ ወደ ጸ ተመልሰው ይጻፋሉ፤ ፈላጊው የሚጽፈውም ቃል በዚሁ ሥርዐት ተለውጦ ይመሳከራል። የሚታየው ርእስ ግን ደራሲው እንደ ጻፈው ይቀመጣል።

ሁለተኛው የዘመን ነገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። የናይጄሪያው ደራሲ የቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት»ም የታተመው በ1958 ነው። በአንድ ዐምድ ሁለቱም 1958 ተብለው ቢገቡ፥ ኮምፒዩተሩ ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ዓመት ወጡ ብሎ ይደረድራቸዋል። ነገር ግን የፊተኛው በእኛ፥ የኋለኛው በፈረንጆች አቈጣጠር ስለሆነ በመካከላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያህል ልዩነት አለ። ስለዚህ መደርደሪያ የሚሆነው ዓመት በአንድ አቈጣጠር ብቻ ይመዝገብ፤ በመጽሐፉ ላይ የታተመው ዓመት ደግሞ ለማሳያ በሌላ ዐምድ ይቀመጥ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሰዎች ምስጢር ነው። መጻሕፍቱ የሚዋሱ ከሆነ የተዋሾችም ሠንጠረዥ መኖሩ አይቀርም፤ በእርሱም የተማሪው ስም፥ ክፍሉ፥ የቤተ ሰቡ ስልክ ይጻፋል። ብዙ ጀማሪዎች ስልኩን በገጹ ላይ ካላሳየሁት ማንም አያየውም ብለው ያስባሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መደበቅና መዝጋት አንድ አይደሉም። ሠንጠረዡን ማንም ሰው እንዲያነብ ከተፈቀደ፥ በገጹ ላይ ያልታየውን ዐምድ ዐዋቂ የሆነ ሰው በሌላ መንገድ ጠርቶ ሊያወጣው ይችላል። ሮስተሩን በመስኮት ላይ አኑሮ በጨርቅ መሸፈን፥ በሣጥን ቈልፎ ከማስቀመጥ ጋር እኩል እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ኮሌክሽን የፈቃድ ደንብ አለው። ማን ያነባል፥ ማን ይጨምራል፥ ማን ያርማል፥ ማን ይሰርዛል የሚለው ለየብቻው ይወሰናል። የመጻሕፍቱን ሠንጠረዥ ማንም ቢያነበው መልካም ነው፤ የተዋሾቹን ግን ኀላፊው ብቻ ሊያየው ይገባል። አንድ ሠንጠረዥ የሚገለጥና የማይገለጥ ነገር ቀላቅሎ እንዳይዝ፥ ሁለቱን ከመጀመሪያው ለያይቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ለሥራው የማያስፈልግን ነገር አለመጠየቅ ነው፤ ያልተመዘገበ ነገር አይሰረቅምና። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ስለ ወጣ፥ ይህ የጨዋነት ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጕዳይ ሆኗል።

እንግዲህ ለክበባችሁ ወይም ለቤተ መጻሕፍታችሁ ድረ ገጽ ለመሥራት የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፥ ኮምፒዩተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዙ። በአንድ በኩል የምትመዘግቡትን ሁሉ በዐምድ ዐምድ ጻፉ። በሌላው በኩል በየዐምዱ ፊት፥ ይህን ማን ሊያየው ይገባል የሚለውን መልሱ። መልስ ያላገኛችሁለት ዐምድ ቢኖር ሰርዙት። ስለ ገጹ ቀለምና ስለ ፊደሉ መልክ በኋላ ብታስቡ ይደርሳል። ገጽ የሚያምረው በነዳፊው ነው፤ የሚታመነው ግን በመዝገብ ጠባቂው ነው።