የኋላ ፍሬን ሸራ ለምን ያልቃል? እንዴትስ ይለወጣል?

የቡና ለቀማ በሚደርስባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከጌራና ከሰቃ ጮቆርሳ ወደ ጅማ የሚያመጡት መንገዶች እሸት ቡናና ጀንፈል በጫኑ ፒክአፕ መኪኖች ይጨናነቃሉ። ከእነዚህ መኪኖች አብዛኞቹ ከፊት የዲስክ፣ ከኋላ ደግሞ የታምቡር ፍሬን ያላቸው ናቸው። ባለንብረቱ ለጎማና ለሞተር ዘይት የሚሰጠውን ትኩረት ያህል ለኋላ ፍሬን ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይታይም። ምክንያቱም ታምቡሩ ዝግ በመሆኑ የሸራው ማለቅ ከውጭ አይታይም። በዚህ ጽሑፍ የታምቡር ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ፣ ሸራው ለምን እንደሚያልቅ፣ በግቢያችን ውስጥ ስንለውጠውም የምንከተለው እያንዳንዱ ደንብ ምን ሳይንሳዊ ምክንያት እንዳለው ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከፍታው የት ይሄዳል?

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው የእንቅስቃሴ ጉልበትን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ይህን በቁጥር እንመልከተው። ከነጭነቱ 2500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 347 ኪሎ ጁል ያህል የእንቅስቃሴ ጉልበት ይኖረዋል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1750 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። አንድ ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እዚህ ለማፍላት 310 ኪሎ ጁል ይበቃል። ስለዚህ መኪናውን አንድ ጊዜ ማቆም ማለት ለቡና የሚሆን አንድ ሊትር ውኃ ከማፍላት የበለጠ ሙቀት በፍሬኖቹ ላይ መፍጠር ማለት ነው።

በቁልቁለት ላይ ደግሞ ነገሩ እጅግ ይከብዳል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ሰኮሩን ካለፈ በኋላ ወደ ግቤ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወደ ቦንጋ የሚሄደውም እንዲሁ የጎጀብን ሸለቆ ማቋረጥ አለበት። ለስሌት ያህል የቁልቁለቱን ከፍታ 700 ሜትር ብለን ብንወስድ፣ ያው መኪና 17 ሜጋ ጁል ያህል እምቅ ጉልበት ይለቃል። ይህም 55 ሊትር ውኃ ለማፍላት የሚበቃ፣ ወይም መኪናውን ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሃምሳ ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር የሚመጣጠን ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን የአየር ግፊትና የሞተሩ መያዝ ቢወስዱትም ቀሪው በሙሉ በሸራው፣ በዲስኩና በታምቡሩ ላይ ያርፋል።

በታምቡሩ ውስጥ

ታምቡር ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ ከበሮ የሚመስል የብረት ዕቃ ነው። በውስጡ በግማሽ ክብ ቅርጽ የተሠሩ ሁለት የማይዞሩ የፍሬን ጫማዎች ይገኛሉ፤ በጫማዎቹ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ነው ሸራ የሚባለው። ፔዳሉን ስንረግጥ የፍሬኑ ዘይት ግፊት ትንሿን ሲሊንደር ከፍቶ ጫማዎቹን ወደ ታምቡሩ ይገፋቸዋል። ስንለቅ ደግሞ ሞላዎቹ መልሰው ይሰበስቧቸዋል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የታምቡሩ መዞር የፊተኛውን ጫማ በሰበቃ ይዞ ይበልጥ ወደ ራሱ ያስጠጋዋል፤ የኋለኛውን ግን ያርቀዋል። ስለሆነም በብዙ ፒክአፖች ላይ የፊተኛው ጫማ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል፤ ሸራውም ቀድሞ ያልቃል። ይህንኑ የማያውቅ ሰው አንዱ ሸራ ደኅና መሆኑን አይቶ ሁለተኛውን ሳያይ ይዘጋል።

ሙቀት ሲበዛ

ሙቀት ፍሬንን በሦስት መንገድ ያዳክማል። አንደኛ፣ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ስፋቱ 254 ሚሊ ሜትር የሆነ ታምቡር ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። በመሆኑም ጫማዎቹ ታምቡሩን ለመንካት ረዘም ያለ መንገድ መሄድ አለባቸው፤ ሹፌሩም ፔዳሉ ሲወርድበት ይሰማዋል። ሁለተኛ፣ ሸራውን አያይዞ የሚይዘው ሙጫ ከልክ በላይ ሲግል ጋዝ ያወጣል፣ የሰበቃ ኃይሉም ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛ መጠን 140 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። እንደ ጅማ ባለ ዝናባማ አካባቢ የዘይቱ ዕቃ ክዳን ተከፍቶ መተው የሌለበት ለዚህ ነው።

በቀጭን ሸራ ላይ እነዚህ ሁሉ ይብሳሉ። በብዙ ፒክአፖች የሸራው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ ግዴታ ነው። የእጅ ፍሬን ከወትሮው በላይ መሳብ፣ ፔዳሉ ዝቅ ማለቱ ወይም ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማ ድምፅ ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ናቸው።

ሥራው ሲጀመር

በመጀመሪያ ጠፍጣፋና ጠንካራ መሬት እንመርጣለን። ታምቡሩ እንዲወጣ የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት። በብዙ ፒክአፖች የእጅ ፍሬኑም ሆነ ማርሹ የሚይዙት የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ የኋላው በክሪክ ሲነሣ መኪናውን የሚይዘው አንዳች ነገር አይቀርም። ስለዚህ የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይታገዳሉ። የጎማው ብሎኖች መኪናው ሳይነሣ ይላላሉ፤ ከተነሣ በኋላም በክሪኩ ላይ ብቻ አይታመንም፤ በብረት ድጋፍ ወይም በወፍራም ጠንካራ እንጨት ላይ ያርፋል። ብሎኬት ግን ሳያስጠነቅቅ በድንገት የሚሰበር ነገር ስለሆነ ከሥሩ ሰው ለሚሠራበት መኪና ድጋፍ አይሆንም።

ታምቡሩ ተጣብቆ እንቢ ካለ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ሁለት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች አሉ። በሁለቱም 8 ሚሊ ሜትር ብሎን እየተፈራረቁ እኩል ማጥበቅ ታምቡሩን ሳይሰብር ይገፋዋል።

ታምቡሩ ሲወጣ የሚታየውን አቧራ በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍ የለብንም። የቆዩ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። ቃጫው በሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል። የሸራውን ዓይነት በዓይን መለየት ስለማይቻል ሁሉንም እንዳለበት ቆጥሮ በሳሙና ውኃ ማራስ፣ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ጨርቁን በፕላስቲክ አስሮ መጣል ይገባል። በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ ደግሞ የሲሊንደሩን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፤ ፍሬኑም ኋላ ላይ ሊያፈስ ይችላል።

ሁለቱ ጎኖች በአንድ ጊዜ አይፈቱም። አንዱን ጎን ፈትቶ ሌላውን ሳይነኩ መተው የሞላዎቹንና የማስተካከያውን አቀማመጥ እያዩ ለመግጠም ይረዳል። ሸራዎቹ ግን በሁለቱም ጎን መለወጥ አለባቸው፤ በአንድ ጎን ብቻ አዲስ ሸራ የገባለት መኪና በዝናብ ጭቃ ላይ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ታምቡሩ ሳይገጠምም ማንም ሰው ፔዳሉን እንዳይረግጥ መንገር ያስፈልጋል፤ ከተረገጠ የሲሊንደሩ ፒስተኖች ተፈንቅለው ይወጣሉ።

ታምቡሩ ራሱም ይመረመራል። ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛው ስፋት ብዙውን ጊዜ በላዩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ጥልቅ ጭረት ካለው ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ ይቻላል፤ ከተቀረጸው ልክ ካለፈ ግን መጣል አለበት፤ የሳሳ ብረት ሙቀት የመያዝ ዐቅሙ አነስተኛ ነውና። አዲሱ ሸራ ከተገጠመ በኋላ ማስተካከያው ታምቡሩ ሲዞር ሸራውን ጥቂት ብቻ እስኪነካ ድረስ ይከፈታል። ጎማው ተገጥሞ መኪናው ወደ መሬት ሲወርድም ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ፔዳሉ ጠንክሮ እስኪቆም ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ከዚያም ጭነት በሌለበት፣ መኪና በማይበዛበት መንገድ ላይ በዝቅተኛ ፍጥነት ሃያ ጊዜ ያህል ለስለስ አድርጎ ማቆም፣ በየመካከሉም ማቀዝቀዝ ሸራው ከታምቡሩ ጋር እንዲስማማ ያደርገዋል።

ለባለሙያ የሚተወው

ሸራው በዘይት ርሶ ከተገኘ ምንጩ ወይ የሚያፈስ ሲሊንደር ወይም ያለቀ የአክሰል ዘይት መከላከያ ጎማ ነው። ይህ ሳይስተካከል አዲስ ሸራ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። በብዙ ፒክአፖች ከኋላ አክሰል ጋር የተያያዘውና እንደ ጭነቱ መጠን የኋላውን የፍሬን ግፊት የሚወስነው ቫልቭም መታጠፍ ወይም መፈታት የለበትም። ባዶ ሲሆን የኋላ ጎማዎች እንዳይቆለፉ፣ ሲጫን ደግሞ ድርሻቸውን እንዲወጡ የሚያደርገው እርሱ ነውና። እነዚህን ለጋራዥ ባለሙያ መተው ይበጃል።

በመጨረሻም አዲስ ሸራ የቁልቁለትን ሙቀት አያስቀርም፤ የሚሸከመውን ውፍረት ብቻ ይመልስልናል። ወደ ግቤም ሆነ ወደ ጎጀብ ከመውረዳችን በፊት፣ ከላይ ሳለን ማርሽ ቀንሰን ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝልን ካደረግን ከ17ቱ ሜጋ ጁል ትልቁ ድርሻ ወደ ሸራው ሳይደርስ ይቀራል። ይህ ሲሆን ከታች በድንገት ሕፃን ወይም ከብት ወደ መንገዱ ቢገባ ፍሬኑ ያን ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቀናል።