ሴባስቶፖል፦ ከጋፋት ምድጃ እስከ መቅደላ አምባ

ሐዋሳ ውስጥ በየሰፈሩ ባሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ከኳስ ጨዋታው ቀጥሎ ልጆችን ከወንበር የማያስነሳው የጀግኖችና የአማልክት ጦርነት ነው። ጎድ ኦፍ ዋር በተባለው ጨዋታ ክሬቶስ የሚወረውረው መጥረቢያ ጠላቱን መትቶ ወደ እጁ ይመለሳል። መጥረቢያው ሌዋታን የሚባል ስም አለው፤ የሠሩትም ሁለት ወንድማማች ቀጥቃጮች ናቸው። የቶር መዶሻም፣ የንጉሥ አርተር ሰይፍም እንዲሁ ናቸው። የተረት መሣሪያ ሁልጊዜ ስም አለው፣ የተወለደበት ምድጃ አለው፣ ምስጢር የሚያውቅ ሠሪ አለው፤ ባለቤቱንም ዋጋ ያስከፍለዋል።

ይህን ሁሉ ያሟላ መሣሪያ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አለ። ልዩነቱ ይሄኛው እውነት መሆኑ ነው። ስሙ ሴባስቶፖል ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሽንፈት ነው። በ1840 ዓ.ም ገና ካሣ ኃይሉ የሚባሉት የቋራው ጀግና በሱዳን ድንበር አቅራቢያ፣ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። ድፍረት ሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን የሠለጠነ ወታደርና የተደረደረ መድፍ የካሣን ሰዎች አጨዳቸው። ካሣ በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ያን ቀን አልረሱትም። መድፍ የሌለው ንጉሥ አገሩን ማስከበር እንደማይችል ደባርቂ አስተምሯቸው ነበር።

መድፍ ከውጭ ለመግዛት ደግሞ በሩ ዝግ ነው። ወደቡ በሌላ እጅ ነው፤ በ1855 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤም መልስ አላገኘም። ስለዚህ ንጉሡ ዓይናቸውን በደብረ ታቦር አጠገብ ወደምትገኘው ጋፋት መለሱ። እዚያ የሰፈሩት በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ሚስዮን የመጡ የእጅ ሙያተኞች ነበሩ፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ሌሎችም። የመጡት ወንጌል ለመስበክ ነው። ሥራ የሚያውቁ ቢሆኑም መድፍ ቀልጦ ሲፈስ ያዩ አልነበሩም። አንችልም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም፤ ሞክሩ አሉ። ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል ተጨመሩ። መጀመሪያ ትንንሾቹ ተሳኩ፤ ንጉሡም ደስ ባላቸው ቁጥር ከቀድሞው የሚበልጥ አዘዙ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም ጋፋት ላይ የተሠራው መድፍ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ይፈራ ነበር፣ ይናቅም ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሚሠራው እሱ ነው፤ ግን ቡዳ ነው ይባላል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ብዙ ጊዜም ቤተ እስራኤል ወይም ከጎረቤቱ ተለይቶ የሚኖር ባለ እጅ ነበር። በሌላው ዓለም ተረት ውስጥ አስማተኛው ቀጥቃጭ ጀግና ነው፤ እኛ ዘንድ ግን አስማተኛ መባሉ ከማኅበርና ከጋብቻ አስወጣው። ዐፄ ቴዎድሮስ የአገሬው ወጣቶች ከፈረንጆቹ ሥር ሆነው ሥራውን እንዲማሩ አደረጉ፤ ራሳቸውም ወደ ጋፋት እየሄዱ ምድጃው ዳር ይቆሙ ነበር። ንጉሠ ነገሥት በቀጥቃጭ ቤት ደጃፍ መቆሙ ከመድፉ መጮኽ ያላነሰ ነገር ነው።

ታላቁ ሞርታር ሴባስቶፖል፣ ማለትም ጥይቱን ወደ ላይ አጉኖ የሚወረውር አጭር ወፍራም መድፍ፣ በ1859 ዓ.ም ተፈሰሰ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ስሙ የተወሰደው ከጥቂት ዓመታት በፊት በክራይሚያ ጦርነት በከበባ ስሙ ከገነነው የጥቁር ባሕር ወደብ ነው።

ችግሩ ሴባስቶፖል ሲወለድ አገሩ ከንጉሡ እጅ እየወጣ መሆኑ ነበር። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ትግራይ በካሣ ምርጫ እጅ ነው። ጎንደር በ1859 በገዛ ንጉሥዋ ትእዛዝ ተቃጥላለች። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ከ1856 ጀምሮ ታስሯል፤ ሊያስፈታው የመጣው ራሳምም በተራው ታስሯል። እንግሊዞች በጀኔራል ናፒየር የሚመራ ወደ 13,000 የሚደርስ ጦር ከሕንድ አሰናድተው በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ ማውረድ ጀመሩ። 44 ዝሆኖችም አብረው መጡ።

በመስከረም 1860 መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ተራ መንገደኛ በሳምንት ገደማ የሚጨርሰው ጉዞ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በጋፋት በተሠራ ጋሪ ላይ የተጫነውን ሴባስቶፖልን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱታል፤ መንገድ የለም፣ ስለዚህ መንገዱም አብሮ ይሠራል። የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች እያንዳንዳቸው ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት አላቸው። ድንጋዩ ተፈለጠ፣ ቋጥኙ ተነሣ፣ ገደሉ ተደለደለ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም ብላንክ እንደጻፈው ንጉሡ ከማለዳ እስከ ምሽት በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር።

ሴባስቶፖልን እንደ ተአምር መሣሪያ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቶሎ ያልፉታል። ታላቁ ሥራ ግን ይሄ ነው። ዳገቱን ላወጡት ሰዎች ስም የሚጠቅስ ሐውልት የለም፤ እህሉና ከብቱ ለዚህ ጉዞ የተወሰደበት የበጌምድር ገበሬም ጉዳቱ ከታሪኩ ሊቀነስ አይገባም። ያም ሆኖ የመንገዱን ጥራት ጠላት መሰከረለት። የናፒየር ጦር በቤተ ሖር በኩል ሲደርስ የንጉሡን መንገድ አገኘና እሱኑ ተከትሎ ወደ ጅዳ ወረደ። ለመድፍ የተጠረገው መንገድ የእንግሊዝን ዝሆኖችም አሳለፈ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ በዕለተ ስቅለት፣ ከመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ ውጊያው ሆነ። ከፋላ ኮረብታ የተተኮሱት የንጉሡ መድፎች ጉዳት አላደረሱም፤ ከትልልቆቹ አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን እየመራ ቁልቁል ወረደና ወደቀ። በእንግሊዞች እጅ የነበረው ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ የዋለው በዚህ ዘመቻ ነው። ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ በእንግሊዝ በኩል ወደ 20 ሰው ቆሰለ፣ ሁለቱ ኋላ ሞቱ። የዚያን ቀን ድል የወሰነው 7 ቶን የሚመዝነው ነሐስ ሳይሆን አንድ ወታደር በትከሻው የሚሸከመው፣ በፋብሪካ በሺዎች የተመረተ ጠመንጃ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ንግሥት ቪክቶሪያ ቀደም ሲል በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ።

እንግሊዞች መቅደላን አቃጠሉ። ዘውዱን፣ ጽዋውን፣ የብራና መጻሕፍቱን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 በቅሎዎች አስፈለጉ። ሴባስቶፖል ግን ከክብደቱ የተነሣ ቀረ፤ ዛሬም በደቡብ ወሎ፣ በመቅደላ አምባ ላይ ነው። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ የገባ ሰው በቸርችል ጎዳና፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የሚያየው አምሳያውን ነው። ፎቶ የሚነሡበት ብዙ ናቸው፤ ጋፋት የት እንደሆነች የሚያውቁት ግን ከእነሱ ጥቂቱ ይመስላሉ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛ በየተውኔታቸውና በየልብ ወለዳቸው ንጉሡን ዳግም አነገሡ። የጋፋት ሠራተኞች ታሪክ ግን ያን ያህል ብዕር አላገኘም።

ፈረንጆቹ ሙያተኞች ከናፒየር ጦር ጋር ወጡ። የሞሪትዝ ሆል ሚስት ካትሪና በእናትዋ ኢትዮጵያዊት ነበረች፤ በዚያው የጭንቅ ዓመት መቅደላ ላይ የወለደቻት ማግዳሌና ኋላ ሁለት ጊዜ ኦስካር ለተሸለመው ተዋናይ ለፒተር ኡስቲኖቭ አያት ሆነች። የጋፋት ምድጃ ጠፋ፤ እዚያ ሥራ የለመዱትም ተበተኑ።

ቀጥቃጩ ቡዳ መባሉም ቀጠለ። ከመቅደላ 40 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም፣ በልጅነታቸው በቴዎድሮስ ቤት ያደጉት ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ በአዋጅ አስነገሩ።