ሚያዝያ 23፦ ሰልፉን የጠራው ማን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1886 በቺካጎ የስምንት ሰዓት ሥራ ይደንገግልን ብለው ሥራ ያቆሙ ሠራተኞች ያስነሡትን ጥያቄ፣ በ1889 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ ሶሻሊስቶች የዓለም አደረጉት። ሚያዝያ 23 የሚከበረውን የሠራተኞች ቀን፣ የሜይ ዴይን፣ ጉዞ በኢትዮጵያ ለሚመረምር ግን ሰልፉን የጠራው ማን እንደሆነ ካልታየ የሰልፈኛው ብዛት ብዙ አይነግርም።

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ሲመሠረት፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካና የምድር ባቡር ሠራተኞች ቀድመው የተደራጁ ነበሩ። ማኅበሩ ለዓመታት በጥንቃቄ ከተራመደ በኋላ የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ አድማው አራት ቀን ቆየ። ከጥያቄዎቹ መካከል የመደራጀት መብትና የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል መወሰን ይገኙበታል። ሠራተኛው በራሱ ድምፅ የተናገረበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ በ1968 ዓ.ም. ኢሠአማን ዘጋ፤ በ1969 ዓ.ም. በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበርን አቆመ። ከዚያ በኋላ ሚያዝያ 23 በአብዮት አደባባይ በማርክስ፣ በኤንግልስና በሌኒን ምስል ሥር በታላቅ ትርኢት ይከበር ጀመር። በዓሉ እንዲህ ሲገዝፍ ባለቤቱ ተነጠቀ። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ለሜይ ዴይ ሁለት ቀን ሲቀር፣ በአዲስ አበባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ደጋፊ ናችሁ ተብለው ተገደሉ። ይህን ደም ሳያነሡ የዚያን ዘመን የሠራተኛ በዓል መተረክ ታሪኩን ማጉደል ነው።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በዓሉ በሕዝብ በዓልነቱ ቀጠለ፣ ሰልፉ ግን ተመናመነ። በ1986 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) መሪዎቹ የመንግሥትን የኢኮኖሚ ማሻሻያ በመቃወማቸው በዓመቱ ከመዝገብ ተሰረዘ፤ እንደገና የቆመው በ1989 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. በኑሮ ውድነትና በግብር ላይ ሊያካሂደው ያቀደው ሰልፍም ሳይካሄድ ቀረ።

ለውጥ የለም ማለት አይቻልም፤ ከገቢ ግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ የቺካጎው የስምንት ሰዓት ጥያቄም በሕጋችን ተጽፏል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ በ1966 ዓ.ም. የተጠየቀው ዝቅተኛ ደመወዝ እስከ 2017 ዓ.ም. ለግሉ ዘርፍ አልተወሰነም።