ሰውን ከመጠርጠር አስቀድሞ ቧንቧን መመርመር

የቤተ ሰብን ሰላም ከሚያደፈርሱት ነገሮች አንዱ ምክንያቱ ያልታወቀ ወጪ ነው። የውኃ ሒሳብ ካለፈው ወር እጥፍ ሆኖ በመጣ ጊዜ የቤቱ ጌታ እመቤቲቱን ይጠይቃል፤ እመቤቲቱ ልብስ አጣቢዋን ትቈጣለች፤ ልብስ አጣቢዋም አትክልት የሚያጠጣውን ዘበኛ ታመለክታለች። ግቢው ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ነገሩ ከአንድ ቤት አልፎ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰው ሳይሆን፣ ከመሬት በታች ወይም ከግድግዳ ውስጥ ተሰውራ ሌሊትና ቀን የምታፈስስ የአንዲት ሽንቁር ሥራ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ፍርድ ከምርመራ በኋላ ይሆን ዘንድ፣ ምርመራውም በምን ሥርዓት እንዲደረግ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት መልካም መስሎ ታይቶናል።

ውኃ ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ ይቀዳ በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ጥርጥር አልነበረም። እንስራው ቢሸነቈር የተሸከመችው ሴት ጀርባ ወዲያው ይርሳልና፣ ጉዳቱን የሚያውቀው መጀመሪያ ድካሙን የተሸከመው ሰው ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ ሠሪነት ከእንጦጦ በኩል ውኃ በቧንቧ ወደ ግቢያቸው ካስመጡ ወዲህ ግን፣ ይህ ጥበብ ቀስ በቀስ ወደ ሕዝቡ ቤት ደረሰ። ዛሬ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች የሚመጣውን ውኃ በየቤቱ ይቀዳል። ቧንቧ ከሸክም አሳረፈን፤ ነገር ግን ውኃውን ከዐይናችን ሰወረው። ጀርባው የሚርስ ተሸካሚ ስለሌለ፣ ሽንቁሩን ፈልጎ ማግኘት የባለቤቱ ተግባር ሆነ።

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው፣ ጥቂት በጥቂት የሚፈስሰውን ሰው ይንቀዋል። በየሰኮንዱ አንድ ጊዜ ጠብ የሚል ቧንቧ፣ አራት ነጠብጣብ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ነው ብለን ብንቈጥር፣ በ24 ሰዓት 21 ሊትር ከግማሽ ያህል ያፈስሳል፤ ይኸውም ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበልጣል። ከመሬት በታች በየደቂቃው ግማሽ ሊትር የሚያፈስስ ሽንቁር ቢኖር ግን በሰዓት 30 ሊትር፣ በቀን 720 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 36 ጀሪካን ነው። በ30 ቀን ሲቈጠር 21 ሜትር ኩብ ከ600 ሊትር ይደርሳል። ይህን ያህል ውኃ ያባከነ አገልጋይ ቢኖር ግቢው ሁሉ ባየው ነበር።

ጉዳቱም በገንዘብ ብቻ የሚቀር አይደለም። በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ከሥሩ ሲርስ ጭቃው ይላላል፤ እንጨቱም ይበሰብሳል። በሲሚንቶ የተሠራውም ቢሆን ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል፤ ቀለሙ ይነሣል፤ ሻጋታ ይበቅላል፤ ሻጋታውም ለሕፃናትና ደረታቸው ለሚታመም ሰዎች አይስማማም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚደርሰው ነው። ውኃው በሚመጣበት ጊዜ በሽንቁሩ ወደ ውጭ የሚወጣው፣ ውኃው ሲቋረጥና የቧንቧው ግፊት ሲወድቅ በዚያው ሽንቁር በዙሪያው ያለው እድፍ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ በአጠገቡ ቢኖር አደጋው ምን ያህል እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥርጥር ባለበት ቤት፣ ሽንቁሩ እስኪደፈን ድረስ የሚጠጣውን ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ምርመራው እንመለስ። የመጀመሪያው ምስክር ቆጣሪው ነው። በብዙዎቹ ቆጣሪዎች ፊት ላይ ጥቁሮቹ አኀዞች ሜትር ኩብን፣ ቀዮቹ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ያሳያሉ፤ በመካከልም ጥቂት ውኃ ሲያልፍ እንኳ የምትዞር ትንሽ መንኰራኵር ትገኛለች። ማታ ቤተ ሰቡ ሁሉ ከመተኛቱ በፊት ቧንቧዎች ሁሉ ይዘጉ፤ የቆጣሪው አኀዝ እስከ ቀዮቹ ድረስ በወረቀት ይጻፍ፤ ጧትም ማንም ውኃ ሳይነካ እንደ ገና ይነበብ። አኀዙ ካልተለወጠ ከቆጣሪው ወዲህ የሚታወቅ ፍሳሽ የለም፤ ከተለወጠ ግን ሰው ተኝቶ ሳለ ውኃ ሲሄድ አድሯል ማለት ነው።

ይህን ሲያደርጉ ሦስት ነገር መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛ፤ ከሰገነት ላይ የውኃ ታንከር ያለ እንደ ሆነ፣ እርሱ ሲሞላ ቆጣሪው ይዞራልና አስቀድሞ ሞልቶ እስኪያበቃ ይጠበቅ። ሁለተኛ፤ ውኃ በተቋረጠበት ሌሊት ቆጣሪው ቢቆም ቧንቧው ደኅና ነው አያሰኝም፤ ምርመራው ውኃ ባለበት ሌሊት ይሁን። ሦስተኛ፤ ተቋርጦ የቆየ ውኃ ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ የነበረውን ነፋስ እየገፋ ይመጣል፤ ነፋሱም ቆጣሪውን ሊያዞረው ይችላል። ስለዚህ ውኃው ተመልሶ ጸጥ ብሎ መውረድ እስኪጀምር ድረስ መታገሥ ነው።

ፍሳሽ መኖሩ ከታወቀ በኋላ ሁለተኛው ሥራ ስፍራውን እየከፈሉ ማጥበብ ነው። ቧንቧው ወደ ቤቱ ከሚገባበት ዘንድ ያለው መዝጊያ ይዘጋ። ይህ ተዘግቶ ሳለ ቆጣሪው መዞሩን ካልተወ፣ ሽንቁሩ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው በግቢው መሬት ውስጥ ነው፤ ከቆመ ግን ቤቱ ውስጥ ነው። ከዚያም የወጥ ቤቱን፣ የመታጠቢያ ቤቱን፣ ወደ ታንከሩ የሚወጣውንም መዝጊያ አንድ በአንድ እየዘጉ ቆጣሪውን ማየት ነው። የትኛው ሲዘጋ ቆጣሪው እንደ ቆመ፣ ጥፋቱ በዚያ መስመር ነው። በዚህ አኳኋን አንድም ድንጋይ ሳይፈነቀል ትልቁ ግቢ ወደ አንዲት ክፍል ይጠባል።

ከታንከሩ ወዲህ ያለውን ፍሳሽ ግን ቆጣሪው ወዲያው አይናገረውም። ስለዚህ ማታ ወደ ታንከሩ የሚያስገባው መዝጊያ ተዘግቶ የውኃው ልክ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት፤ ጧት ዝቅ ብሎ ከተገኘ ከታንከሩ እስከ ቧንቧዎቹ ባለው ይፈለግ። ደግሞም ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ የተበላሸ እንደ ሆነ፣ ትርፉ ውኃ በማስተንፈሻው ቧንቧ ወደ ጣራና ወደ አሸንዳ እየወረደ ማንም ሳያየው ይባክናልና፣ አሸንዳው በበጋ ርሶ ቢገኝ ይህ ምልክት ነው።

መጸዳጃ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰወር ፍሳሽ ማደሪያ ነው፤ የሚፈስሰው ውኃ ወለሉን ሳያረጥብ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳልና። ይህን ለማወቅ ከበስተኋላው ባለው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የቀይ ሥር ጭማቂ ወይም የምግብ ቀለም ጥቂት ይጨመር፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም ማንም አይጠቀምበት። ቀለሙ በታችኛው ሳህን ውስጥ ከታየ፣ ውኃውን የሚይዘው ጎማ አርጅቷል ማለት ነው። ጎማውን መለወጥ ጥቂት ወጪ ነው፤ የሚያተርፈው ግን ብዙ ነው።

በመሬትና በግድግዳ ውስጥ ያለውን ለማግኘት ዐይንም ጆሮም ያስፈልጋል። በበጋ ሌላው ሣር ደርቆ ሳለ አንድ ስፍራ ብቻ ለምልሞ ቢታይ፣ የተነጠፈ ድንጋይ ቢሰጥም፣ ሙቅ ውኃ በሚያልፍበት ወለል ላይ እግር የሚሰማው ሙቀት ቢገኝ፣ ውኃ የሚገፋ ሞተር ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ በየጊዜው ራሱን ቢያስነሣ፣ ይህ ሁሉ ምልክት ነው። ሌሊት ጸጥታ በሆነ ጊዜም የደረቀ ዘንግ አንዱን ጫፍ ከቧንቧው፣ ሁለተኛውን ከጆሮ አስጠግቶ ቢያዳምጡ፣ ከሽንቁር የሚወጣ ውኃ እንደ እባብ እፍ ሲል ይሰማል። ድምፁ እየበረታ የሚሄድበትን እየተከተሉ መቅረብ ነው። የብረት ቧንቧ ድምፁን ርቆ ሲያሰማ፣ የፕላስቲክ ግን ቶሎ ያጠፋዋልና በእርሱ ላይ በየጥቂቱ እየተጠጉ ማዳመጥ ያስፈልጋል።

የረጠበው ስፍራ ሁሉ ሽንቁሩ ያለበት እንዳይመስል። ውኃ ዝቅታን ፈልጎ በቧንቧው ጀርባና በወለሉ ሥር ርቆ ከሄደ በኋላ ይታያልና፣ ከርጥበቱ ወደ ላይ መፈለግ ይገባል። እርጥበቱ ዝናም ሲዘንም ብቻ የሚታይ ከሆነ ጣራው ይመርመር፤ ገላ ሲታጠቡ ወይም ዕቃ ሲያጥቡ ብቻ የሚታይ ከሆነ የቆሻሻው መውረጃ ነው፤ ሁልጊዜ የማይደርቅ ከሆነ ግን ግፊት ያለበት የንጹሕ ውኃ ቧንቧ ነው። ርጥበቱ በመብራት ማብሪያ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ዋናው መብራት ሳይጠፋ ማንም እጁን አያስጠጋ።

ስፍራው ከታወቀ በኋላ የሠለጠነ የቧንቧ ሠራተኛ ይጠራ፤ የሚፈርሰውም የታወቀው ስፍራ ብቻ ይሁን። ሥራው ሲያልቅ፣ ከመለሰኑ በፊት የሌሊቱ የቆጣሪ ንባብ እንደ ገና ይደረግ፤ አንድ ሽንቁር ሲደፈን ግፊቱ ሌላውን ደካማ ስፍራ ሊያወጣው ይችላልና። አዲስ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ደግሞ ግድግዳው ሳይለሰን ቧንቧዎቹ የሚያልፉበትን በሥዕል አስነሥተው ከቤቱ ካርታ ጋር ቢያስቀምጡ፣ ለልጆቻቸው ትልቅ ድካም ያቃልላሉ።

በየወሩ መጀመሪያ ቆጣሪውን በመዝገብ መጻፍ ልማድ ይሁን። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ጎረቤቶችም ከየቤቱ አንድ ሰው ባለበት በአንድነት ቢያነብቡትና ቢፈርሙበት፣ «የአንተ ቤት አበዛ፤ የአንቺ ቤት አበዛ» መባባል ይቀራል። ሳይመረመር የተወቀሰ አገልጋይ ወይም ጎረቤት ያለ እንደ ሆነም፣ ሽንቁሩ በተገኘ ቀን ወቀሳውን በሰሙት ሰዎች ፊት ነጻ መሆኑን መንገር የጨዋ ሰው ግዴታ ነው። ቧንቧ በሲሚንቶና በጎማ ይጠገናል፤ ያለ በደሉ የተጠረጠረ ሰው ልብ ግን የሚጠገነው በእውነተኛ ቃል ብቻ ነው።